ረብሻው የሚጸዳው ቆዳው ላይ ነው፦ የጡንቻ ኤሌክትሪክ ቅጂና የፊልተር አቅም

ጥያቄ፦ «የፊዚዮቴራፒ የማስተርስ ጥናቴን እየሠራሁ ነው። 12 ሴቶች 20 ሊትር ውሃ የያዘ ጀሪካን በቀኝ እጃቸው አንጠልጥለው 10 ሜትር ሲራመዱ፣ የወገባቸውንና የላይኛውን የትከሻ ጡንቻ ኤሌክትሪክ በግራም በቀኝም ቆዳ ላይ በሚለጠፍ ኤሌክትሮድ ቀድቻለሁ፤ በሰከንድ 1000 ናሙና። ቅጂው በረብሻ የተሞላ ነው። ቆመው ሲያርፉ እንኳ ወፍራም የ50 ሄርዝ ሞገድ አለ፤ ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ልዩነት የሚደጋገም ሹል ነገር ይታያል፤ ሲራመዱ ደግሞ መስመሩ ከፍ ዝቅ ይላል። ከኢንተርኔት ባገኘሁት ኮድ በ50፣ በ100፣ በ150 እና በ200 ሄርዝ ኖች ፊልተር (አንድን ፍሪኩዌንሲ ብቻ የሚቆርጥ) አደረግሁ፤ በመጨረሻ በ10 ሄርዝ ሎውፓስ (ከዚያ በታች ያለውን ብቻ በሚያሳልፍ ፊልተር) አለሰለስኩት። አሁን ግራፉ ያምራል። ሚዲያን ፍሪኩዌንሲው (የሲግናሉን ጉልበት ለሁለት እኩል የሚከፍለው ፍሪኩዌንሲ) ግን 4 ሄርዝ ሆነብኝ፤ የግራው ወገብም ከቀኙ ሁልጊዜ ይበልጣል፣ በዕረፍት ጊዜ እንኳ። አንዱ ጓደኛዬ ዌቭሌት፣ ሌላው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይሻላል አሉኝ። ረብሻውን ጠርጎ የሚያወጣው የትኛው ፊልተር ነው?»

እንዲህ ያለ ፊልተር የለም። ያምራል ያሉት ግራፍ ደግሞ ጡንቻው አይደለም።

ከቆዳ ላይ የሚቀዳ የጡንቻ ሲግናል ጉልበቱ በግምት ከ20 እስከ 450 ሄርዝ ባለው ክልል ውስጥ ነው፤ አብዛኛው ከ50 እስከ 150 መካከል ይከማቻል። ጥሬውን ሲግናል በ10 ሄርዝ ሎውፓስ ሲያሳልፉት ጡንቻውን በሙሉ ጥለው የኬብሉን መወዛወዝ፣ የቆዳውን መሳሳብና የልብ ምቱን ዝግተኛ ክፍል አስቀሩ። 4 ሄርዝ የመጣው ከዚያ ነው። የአብዛኞቹ ጡንቻዎች ሚዲያን ፍሪኩዌንሲ ከ50 እስከ 120 ሄርዝ አካባቢ ስለሚውል፣ 4 የሚል ቁጥር ሲያዩ የለኩት እርምጃቸውን እንደሆነ ይወቁ። ማለስለሱ በራሱ ጥፋት አልነበረም፤ ያለ ቦታው ገባ እንጂ። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ ባንድፓስ (በሁለት ወሰኖች መካከል ያለውን ብቻ የሚያሳልፍ ፊልተር)፣ ቀጥሎ ከዜሮ በታች ያለውን ወደ ላይ መገልበጥ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ከ3 እስከ 10 ሄርዝ ባለ ሎውፓስ ማለስለስ ወይም በ100 ሚሊሰከንድ መስኮት አርኤምኤስ (የካሬዎቹ አማካይ ሥር፣ ማለትም የሲግናሉ መጠን) ማስላት። ሚዲያን ፍሪኩዌንሲ ደግሞ ከተለሰለሰውም ከተገለበጠውም አይሰላም፤ ባንድፓስ ካለፈው ጥሬ ሲግናል ላይ ብቻ ነው የሚወጣው።

ሁለተኛው ስህተት ሁሉንም «ረብሻ» በአንድ ስም መጥራቱ ነው። እርስዎ የገለጹት ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ነው፤ ምንጫቸውም መድኃኒታቸውም ይለያያል።

ከ50 ሄርዙ እንነሳ። የግድግዳው ሽቦ፣ የጣሪያው ፍሎረሰንት፣ ወለል ላይ የተዘረጋው ማከፋፈያ ሰውነትን ሳይነኩት በኤሌክትሪክ መስካቸው በኩል ይደርሱታል። በዚህ መንገድ ሰውነት ላይ የሚያርፈው ቮልቴጅ ከጡንቻው ሲግናል በብዙ እጥፍ ሊበልጥ ይችላል፤ ጡንቻው የሚሰጠን ከማይክሮቮልቶች እስከ ጥቂት ሚሊቮልት ነውና። የሚያድነን ማጉያው ነው፤ ሁለቱን ኤሌክትሮዶች አወዳድሮ ልዩነታቸውን ብቻ ስለሚያጎላ ለሁለቱም እኩል የደረሰው ይሰረዛል። የጋራውን በ80 ዴሲቤል፣ ማለትም በአሥር ሺህ እጥፍ፣ የሚቀንስ ማጉያ 1 ቮልት የጋራ ረብሻን ወደ 100 ማይክሮቮልት ያወርደዋል፤ 100 ዴሲቤል የሚቀንስ ከሆነ ወደ 10 ማይክሮቮልት።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን ሁለቱ ኤሌክትሮዶች ከቆዳው ጋር ያላቸው ንክኪ ሲመጣጠን ነው። አንዱ በጸዳ ቆዳ ላይ፣ ሌላው ቫዝሊን ወይም ሎሽን ባለበት ቆዳ ላይ ከተለጠፈ፣ ለሁለቱም እኩል የደረሰው 50 ሄርዝ ማጉያው ጋ ሲደርስ እኩል አይሆንም፤ ልዩነቱም እንደ ጡንቻ ሲግናል ተቆጥሮ ይጎላል። ዕረፍት ላይ ወፍራም ሞገድ ሲያዩ ከፊልተሩ በፊት ሊጠይቁት የሚገባው ቆዳውን ነው። ጀርመናዊው ኤሚል ዱ ቧ ሬሞን እ.ኤ.አ. በ1849 ሰው በፈቃዱ ጡንቻውን ሲኮማትር የሚወጣውን ኤሌክትሪክ ሲለካ፣ የቆዳው መቋቋም ስላስቸገረው ክንድ ላይ ውሃ አስቋጥሮ ቆዳውን ካነሳ በኋላ ነበር የለካው። ዛሬ ማንንም ማቁሰል አያስፈልገንም፤ ችግሩ ግን ያው የጥንቱ ነው።

ኖች ፊልተር ታዲያ ምን ያደርጋል? በ50 ሄርዝ ላይ ጉድጓድ ይቆፍራል። ጉድጓዱ የሚቆፈረው ግን የጡንቻው ጉልበት ከሚከማችበት ሠፈር መካከል ስለሆነ የሚወጣው ረብሻው ብቻ አይደለም። እርስዎ አራት ጉድጓድ ቆፍረዋል። ኖቹ ጠባብ ሲሆን ደግሞ ጡንቻው ድንገት በተነሳ ቁጥር የራሱን ንዝረት ይጨምራል፤ ጡንቻው መቼ መሥራት እንደጀመረ ለሚያጠና ሰው ይህ ትልቅ ጉዳት ነው። መብራት ጠፍቶ በጄኔሬተር ከቀዱ ሌላ ጣጣ አለ፦ የጄኔሬተር ፍሪኩዌንሲ ከጭነቱ ጋር ከ50 ወዲህና ወዲያ ስለሚዋልል፣ ጠባቡ ኖች ረብሻውን ስቶ ጡንቻውን ብቻ ይቆርጣል። ከኢንተርኔት የሚወሰድ ኮድንም ሳያዩ አያሂዱት፤ አሜሪካና ሳዑዲ ዓረቢያ ያሉ አንባቢዎች የሚጠቀሙት መብራት 60 ሄርዝ ነው፣ የኢትዮጵያው ግን 50። ጭራሽ አማራጭ ከጠፋና ሰውየውን ዳግም ማግኘት ካልተቻለ፣ በስፔክትረሙ (ጉልበቱ በየፍሪኩዌንሲው ምን ያህል እንደሆነ በሚያሳየው ግራፍ) ላይ 50 ሄርዝ ላይ ብቻ የቆመውን ሹል ከግራና ቀኙ ካሉት ነጥቦች አማካይ ጋር ማስተካከል ከኖች ያነሰ ይጎዳል። ይህንን ያደረጉ እንደሆነ በጥናቱ ውስጥ በግልጽ ይጻፉ።

ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ልዩነት የሚደጋገመው ሹል ነገር ልባቸው ነው። የልብ ኤሌክትሪክ በግንድ አካል ላይ በሚለጠፍ ኤሌክትሮድ ሁሉ ይገባል፤ ልብ ወደ ግራ ስላደላ ግራው ላይ ይበረታል። በዕረፍት ጊዜ እንኳ ግራው ከቀኝ የበለጠብዎት ለዚህ ነው። የልብ ምቱ ጉልበት በአመዛኙ ከ30 ሄርዝ በታች ቢሆንም ከጡንቻው ጋር ይደራረባል፤ ሙሉ በሙሉ መለየት አይቻልም። በካናዳ ዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎቹ ድሬክና ካላገን እ.ኤ.አ. በ2006 ልዩ ልዩ ዘዴዎችን አወዳድረው፣ ከሚጠይቀው ጊዜና ድካም አንጻር በ30 ሄርዝ የሚጀምር አራተኛ ደረጃ ቡተርወርዝ (የፊልተር ዓይነት ነው፤ ደረጃው ሲጨምር አቆራረጡ ይሰላል) ሃይፓስ (ከመነሻው በላይ ያለውን ብቻ የሚያሳልፍ) የተሻለ ሆኖ አግኝተውታል። ለወገብ ጡንቻ እኔም ይህንኑ እጠቀማለሁ። የልቡን ቅርጽ ከብዙ ምቶች አማክሎ ከእያንዳንዱ ምት ላይ መቀነስም ይቻላል፤ ግን ንጹሕ የዕረፍት ቅጂ ይፈልጋል፣ ሰውየው ሲንቀሳቀስም ቅርጹ ስለሚለዋወጥ ለመራመድ ጥናት አልመክረውም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ቆም ብለው እንዲያስቡበት እፈልጋለሁ። ጀሪካኑን ያንጠለጠሉት በቀኝ እጅ ነው። ሸክም በአንድ ወገን ሲንጠለጠል ግንዱ ወደዚያ እንዳያጋድል የሚይዘው የተቃራኒው ወገን የወገብ ጡንቻ ነው። ስለዚህ ሲራመዱ የግራው ወገብ መብለጡ እውነተኛ ግኝት ሊሆን ይችላል፣ ምናልባትም የጥናትዎ ዋና ግኝት። በዕረፍት ያለው ብልጫ ከልብ ነው፤ በሸክም ጊዜ ያለው ብልጫ ግን ከልብም ከጡንቻም ሊሆን ይችላል፤ አሁን ባለው ቅጂ ሁለቱ ተቀላቅለዋል። ሁሉንም በረብሻ አሳብበው ቢያጠፉት እነዚያ ሴቶች የተሸከሙትን እውነተኛ ጫና አብረው ያጠፋሉ። መለያው ቀላል ነው፦ በግራ እጅም ያሸክሟቸው። ብልጫው ወደ ቀኝ ወገብ ከዞረ ጡንቻ ነው፤ በግራ እንደቆመ ከቀረ ልቡን ወይም አለጣጠፉን ይጠርጥሩ። ግራና ቀኝን ለማወዳደር ደግሞ የእያንዳንዱ ጡንቻ ልኬት ለራሱ ከፍተኛ ኮምትሬት (ጡንቻው በሙሉ ኃይሉ ሲኮማተር ለሚሰጠው ልኬት) መካፈል አለበት፤ ያ የከፍተኛ ኮምትሬት ቅጂም በዚያው ፊልተር ማለፍ አለበት። አንዱን አጽድተው ሌላውን ጥሬ ቢተዉት የሚወጣው መቶኛ ሐሰት ነው።

ሦስተኛው የመስመሩ ከፍ ዝቅ ማለት ነው። ይህ የእንቅስቃሴ ረብሻ ነው፦ ቆዳው ሲለጠጥ፣ ኤሌክትሮዱ ሲንሸራተት፣ ኬብሉ ሲወዛወዝ። በአመዛኙ ከ20 ሄርዝ በታች ስለሆነ ከሦስቱ በፊልተር የሚሸነፈው እሱ ነው። የጡንቻ ኤሌክትሪክ ተመራማሪው ካርሎ ደ ሉካና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2010 ለአጠቃላይ ሥራ የሚስማማ መነሻ 20 ሄርዝ ነው ብለዋል፤ እርስዎ ለልቡ ሲሉ 30 ስለሚጠቀሙ ይህም አብሮ ይወጣል። ይህ የማይሠራው ተረከዝ መሬት ሲመታ ነው። ያ ድንገተኛ ምት እስከ ከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ ይዘረጋል፤ ማጉያውን እስከ ጣሪያው ካደረሰው ደግሞ መስመሩ ጠፍጣፋ ሆኖ ይቆረጣል። የተቆረጠ ሲግናል ውስጥ ምንም የለም፤ የሚመልሰውም የለም። ያንን እርምጃ ይጣሉት።

ጓደኞችዎ ስለጠቆሟቸው ዘዴዎች አጭር መልስ አለኝ። ዌቭሌት (ሲግናሉን ወደ አጫጭር ሞገዶች በትኖ የሚያጸዳ ዘዴ) ትንንሹን ረብሻ ብሎ ይጥላል፤ የላይኛው የትከሻ ጡንቻ ቀስ ብሎ ለረጅም ጊዜ ሲሠራ የሚሰጠው ግን ትንንሽ ሲግናል ነው። በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚያጸዳ ፕሮግራም ደግሞ የጡንቻ ሲግናል ምን መምሰል እንዳለበት ከሌሎች ቅጂዎች ተምሮ ይመጣል፤ የጎደለውን በሚመስለው ይሞላል። የሞላው የሴትየዋ ጡንቻ ይሁን የሌላ ሰው፣ በ12 ሰው መረጃ የሚያረጋግጡበት መንገድ የለዎትም። ለማስተርስ ጥናት ሁለቱንም አይንኩ። ከጎረቤት ጡንቻ ሾልኮ የሚገባውን ሲግናል ግን የትኛውም ፊልተር አይለየውም፤ እሱም ጡንቻ ነውና። መፍትሔው የኤሌክትሮዱ ቦታና ርቀት ብቻ ነው።

አሁን ወደ 12ቱ ቅጂዎች። ሁሉም አይሞቱም። ጥሬውን ፋይል ያውጡ (ጥሬውን አላጠፉትም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ)፣ ኖቹንም ሎውፓሱንም ይተዉና ከ30 እስከ 450 ሄርዝ ባለ ቡተርወርዝ ባንድፓስ ወደፊትም ወደኋላም ያሳልፉት፤ እንዲህ ሲሆን ፊልተሩ ሲግናሉን በጊዜ አያዘገየውም። ወደፊትና ወደኋላ ሲሄድ ደረጃው በእጥፍ እንደሚሆን ያስታውሱ፤ ሁለተኛ ደረጃ ብለው ካዘዙ የሚያገኙት አራተኛ ነው። የመቁረጫው ነጥብም ይንሸራተታል፤ ለመጨረሻው ማለስለሻ በእርግጥ 6 ሄርዝ ከፈለጉ 6ን ለ0.802 አካፍለው 7.5 ገደማ ይጻፉ። ፊልተር በቅጂው መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ስለሚያጣምም ሁለቱንም ጫፎች ከስሌት ያውጡ።

ቀጥሎ የዕረፍቱን አርኤምኤስ ከሥራው ጋር ያስተያዩ። በደህና ቅጂ ዕረፍቱ ጥቂት ማይክሮቮልት ብቻ ነው። ረብሻው ካልተለዋወጠ ካሬውን ከጠቅላላው ካሬ ቀንሶ፣ ሥሩን አውጥቶ ጡንቻውን መገመት ይቻላል። በሥራ ጊዜ 50፣ በዕረፍት 30 ማይክሮቮልት ከሆነ ጡንቻው 40 ይሆናል፤ የዕረፍቱ ልኬት በ1 ቢሳሳት እንኳ መልሱ ከ39 እስከ 41 መካከል ነው። በሥራ ጊዜ 32 ብቻ ከሆነ ግን ጡንቻው 11 ይወጣል፤ ያችው የ1 ማይክሮቮልት ስህተት ከ8 እስከ 13.5 ታወዛውዘዋለች። የመጀመሪያው ግምት ይጸናል። ሁለተኛው አይጸናም፤ የቱንም ያህል ቢጠበቡበት። ረብሻው ሳይለዋወጥ ስለመቆየቱ ዋስትና ስለሌለ ግን የእኔ መስፈርት ከዚህም ይጠብቃል፦ የሥራው አርኤምኤስ ከዕረፍቱ ቢያንስ በሦስት እጥፍ እንዲበልጥ ነው፤ ከሁለት እጥፍ በታች የሆነውን አልቀበልም፤ በመካከል ያለውን በጥንቃቄ እይዛለሁ።

ለዳግም ቅጂው ሰፊውን ጊዜ ለቆዳው ይስጡ። ቅባቱን በሳሙናና በውሃ ያስወግዱ፤ ደርቆ በአልኮል ይጥረጉ፤ በፋሻ ጨርቅ ወይም በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ቀላ እስኪል ድረስ ሳያቆስሉ ይፈትጉ፤ ጸጉር ካለ በአዲስ ምላጭ ይላጩ። ያስፈቅዱ፣ ምን እንደሚያደርጉም ይንገሯቸው፤ ሴቶቹ ጀርባቸውን ገልጠው ነው የሚያግዙዎት፣ ሴት ረዳትና መጋረጃ ያዘጋጁላቸው። ኤሌክትሮዱ የብርና የብር ክሎራይድ ይሁን፤ ከመሃል እስከ መሃል 20 ሚሊሜትር፣ በጡንቻው ጭረት አቅጣጫ። ለላይኛው የትከሻ ጡንቻ ከትከሻው ጫፍ አጥንት እስከ ሰባተኛው የአንገት አከርካሪ ባለው መስመር እኩሌታ ላይ፤ ለወገቡ ከመጀመሪያው የወገብ አከርካሪ ሹል ሁለት ጣት ወደ ጎን። ማጣቀሻ ኤሌክትሮዱን አጥንት ላይ ይለጥፉ። ከለጠፉ በኋላ ጄሉ ቆዳውን እስኪያርስ ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁ።

ኤሌክትሮድ እንደልብ እንደማይገኝ አውቃለሁ። ቢሆንም ጄሉ የደረቀውን ወይም ከሌላ ሰው ላይ የተነሳውን መልሰው አይለጥፉ። እኔ ራሴ ለመቆጠብ ብዬ አንዴ የተለጠፈ ኤሌክትሮድ ደግሜ በመጠቀሜ የአንድ ሙሉ ቀን ቅጂ ጥያለሁ፤ ከሁሉ የከበደኝ ደክመው የሄዱትን ሰዎች እንደገና መጥራቱ ነበር።

ኬብሎቹን እርስ በርስ ይግመዷቸው፤ ከጀርባ ጋር በፕላስተር ይያዙ፣ መገጣጠሚያው አጠገብ ትንሽ ላላ አድርገው። ላፕቶፑ በባትሪ ይሥራ፣ ቻርጀሩ ይነቀል። ይህ ለረብሻው ብቻ አይደለም፦ ለሰው አካል ተብሎ ካልተሠራና ከመብራቱ ካልተነጠለ መሣሪያ ጋር ሰውን አገናኝቶ ቻርጀር መሰካት ለሕይወት ያሰጋል፤ የመሬት ሽቦ በሌለው ሶኬት ደግሞ ይብሳል። የቆዳውን መቋቋም በተራ መልቲሜትር አይለኩ፤ ቀጥተኛ ጅረት ስለሚልክ ኤሌክትሮዱን ያዛባዋል። ፍሎረሰንቱን ያጥፉ፣ ሴትየዋን ከግድግዳና ከማከፋፈያ ያርቁ። ከዚያ ጀሪካኑን ከማንሳታቸው በፊት የ10 ሰከንድ ዕረፍት ቀድተው ስፔክትረሙን እዚያው ይመልከቱ። 50 ሄርዝ ላይ ሹል ከቆመ አይቀጥሉ፤ ኤሌክትሮዱን አንስተው ቆዳውን እንደገና ያጽዱ። አምስት ደቂቃ ይፈጃል፤ በኮምፒውተር ላይ ግን አምስት ሳምንትም አይበቃውም።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው። በዚህ ሳምንት 12ቱን ጥሬ ፋይሎች በባንድፓሱና በዕረፍት ፈተናው ያሳልፉ። የወደቁት ሁለት ወይም ሦስት ከሆኑ እነሱን ብቻ በዚያው አለጣጠፍ ይድገሙ። ከግማሽ በላይ ከወደቁ 12ቱንም እንደገና ይቅዱ፤ ግማሹ በአንድ መንገድ ግማሹ በሌላ መንገድ የተቀዳ መረጃ አይወዳደርምና። መሣሪያው ከፈቀደ በሰከንድ 2000 ናሙና ያድርጉት፤ በቀኝ እጅም በግራ እጅም ያሸክሙ። ሚዲያን ፍሪኩዌንሲውን ከመራመዱ ክፍል ላይ አያስሉት፤ በመራመድ ጊዜ ጡንቻው ከኤሌክትሮዱ ሥር ስለሚንሸራተትና ኮምትሬቱ ስለሚለዋወጥ ድካምን በቀጥታ አይነግርዎትም። ድካምን ማየት ከፈለጉ ጀሪካኑን ይዘው ቆመው 30 ሰከንድ ሳይንቀሳቀሱ እንዲቆዩ ያድርጉና ከዚያ ላይ ያስሉት። በጥናቱ የዘዴ ክፍል የፊልተሩን ዓይነት፣ ደረጃ፣ የመቁረጫ ነጥቦቹን፣ ወደፊትና ወደኋላ መሄዱን፣ የኤሌክትሮዱን ርቀት፣ የእያንዳንዷን ሴት የዕረፍት አርኤምኤስና ስንት እርምጃ እንደጣሉ ይጻፉ።